ሙሉ ስም እስከ አያት

መጀመሪያ በርጩማውን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ቀጥላ ነጩን ሸራ ከጥቅልሉ ስባ እስከ ወለል ታወርደዋለች፤ ሽብሽብ ካለ በመዳፏ ታቃናዋለች። ሁለቱን መብራቶች ታበራለች፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፤ ሸራው ላይ ጥላ ከታየ ፎቶው ይመለሳል። ሰውየው ሲቀመጥ አገጩን በሁለት ጣት ይዛ ከፍ፣ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ታደርገዋለች። ፀጉሩ ጆሮው ላይ ወርዶ እንደሆነ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። መነጽር ታስወልቃለች። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ካሜራውን ታነሳና ሁልጊዜ የምትለውን ትላለች፦

«አትሳቅ፤ አትዘን። ቆንስላው ደስታህን አይፈልግም፤ ጆሮህን ነው የሚፈልገው።»

ሰውየው ሳቁ ሲመጣበት አፉን ይገጥማል። በዚያች ቅጽበት ታነሳዋለች።

ስምንት ጉርድ ፎቶ በአንድ ወረቀት ላይ ተደርድሮ ይወጣል። ቀለሙ እስኪረጋ ትጠብቅና መቁረጫው ላይ ታሰልፈዋለች፤ መጀመሪያ በረጅሙ ጎን፣ ቀጥሎ በአጭሩ። ምላጩ ሲወርድ ትንፋሿን ትይዛለች። ከአገጭ እስከ አናት በማስመሪያ ትለካለች፤ ትንሽ እንኳ ካለፈ ትጥለዋለች እንጂ አትሰጥም። ስድስቱ ለባለቤቱ ነው። ሁለቱን በትንሽ ፖስታ ከትታ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ የቆንስላው መስኮት ላይ ያሉት ቢመልሱበት ወይም ባለቤቱ ቢጥለው ብላ። በፖስታው ጀርባም ሰውየውን ለመለየት የሚበቃትን ትጽፋለች፦ «ሾፌሩ»፣ «የዳቦ ቤቱ»፣ «ትልቋ መንታ»፣ «ሁለቴ የተመለሰበት»።

ሰዉ እትዬ ጉርድ ይላታል። ስሙ የወጣላት ከጉርድ ፎቶው ነው፤ ቁመቷም ቢሆን ስሙን አያሳፍርም፤ ካሜራውን ለረጅም ሰው ስታነሳ ሣጥን ላይ ትወጣለች። ፎቶ ቤቷ በቁልፍ ቀራጩና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሸጎጠ፣ ስፋቱ ሦስት እርምጃ የሆነ ክፍል ነው። መንገዱን ሲሻገሩ የቆንስላው በር ነው። ፓስፖርት የሚያሳድስ፣ ውክልና የሚልክ፣ ያላገባ ማስረጃ የሚፈልግ፣ የልጁን ልደት የሚያስመዘግብ፣ ሁሉም ከመግባቱ በፊት እሷ ዘንድ ይመጣል። ከውስጥ «ይሄ ጎድሏል» ተብሎ የተመለሰውም ተመልሶ እሷ ዘንድ ነው የሚመጣው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ስለ ሞኙ አታውቅም፤ ወረቀቱን ግን ሃያ ዓመት አይታዋለች።

ከእነዚህ ሁሉ ፊቶች መካከል በብዛት ያየችው የቀለሜን ነው።

ቀለሜ የግድግዳ ቀለም ቀቢ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የፎቶ ቤቷን ግድግዳ እንዲቀባላት ጠራችው፤ «ቢጫ የሌለበት ነጭ» ብላ አስቸገረችው፤ ሦስት ጊዜ በጥብጦ አመጣላት። በሦስተኛው፣ «እትዬ፣ ከዚህ በላይ ከነጣ ግድግዳ መሆኑ ይቀርና ሰማይ ይሆናል» አላት። ሳቀች። በማግሥቱ ሥራ የለኝም ብሎ መጣና ባንኮኒዋ ላይ ክርኑን አሳርፎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ እዚያው ነው። ቀለሜ ያሉት ቀለም ስለሚቀባ ብቻ አልነበረም፤ ፊደሉ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል የጠራ ነበርና የሰውን ቅጽ ሁሉ የሚሞላው እሱ ነው። ማንበብና መጻፍ ያልሆነላትን የቤት ሠራተኛ፣ የቅጹን ጥያቄ የሚፈራውን የቀን ሠራተኛ አስቀምጦ ይጠይቃል፦ «ስም እስከ አያት? የትውልድ ቦታ? የእናት ስም? ተጠሪ?» መልሱን መጀመሪያ በሰማያዊ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል፤ ሰውየው ነገ ለሌላ ጉዳይ ሲመጣ እንደገና እንዳይጨነቅ ነው። ምስክር የጎደለበት ሰው ከመጣ ስልክ ይደውልና ከየሥራው ሦስት ሰው ያሰባስባል። ለዚህ ሁሉ የሚቀበለው ምርቃት ነው።

የቆንስላውን በር ግን አልፎ ገብቶ አያውቅም። ሰዉን መንገድ አሻግሮ በሩ ላይ ያደርስና ይመለሳል። ለምን እንደሆነ ሁሉም ይገምታል፤ የሚጠይቅ የለም። በዚያ አገር በሚኖሩት ዘንድ «ወረቀት አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሚስትህ ለምን ጥላህ ሄደች ከማለት ይብሳል። እሷ ብቻ አንዳንዴ በዳር በዳር ትነካካዋለች።

«አንተ፣ የሰው ቅጽ ስትሞላ ትኖራለህ፤ የራስህን መቼ ነው?»

«እትዬ፣ ቀለም ቀቢ የራሱን ቤት ሲቀባ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሦስት ጊዜ ግን ቆርጦ ነበር። ሦስት ጊዜ ፀጉሩን ከቀለም ፍንጣቂ አጽድቶ መጣና «አንሺኝ፤ በዚህ ሳምንት ላስገባ ነው» አላት። ሦስቴም አነሳችው። ሦስቴም ሳምንቱ አለፈ። በቆርቆሮው ውስጥ ሦስት ፖስታዎች ቀሩ፦ «ቀለሜ»፣ «ቀለሜ ከነጺሙ»፣ «ቀለሜ የቅርቡ»።

ቅዳሜ ከሰዓት ቆንስላው ዝግ ነው፤ ፎቶ ቤቱም ጸጥ ይላል። ቀለሜ ከሦስት ሰው ጋር በሚኖርበት ክፍል ሰላም ስለማያገኝ ለእናቱ የሚደውለው ከሸራው በስተጀርባ ቆሞ ነበር። እናቱ ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፤ ድምፁን ከፍ ስለሚያደርገው እሷም ትሰማለች። «የኔ አባት፣ ዋልክ? የኔ አባት፣ በላህ?» ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ስልኩን አቀበላትና «ሰላም በያት፤ ብቻዬን የምኖር መስሏት ታለቅሳለች» አላት። ሰላም አለች። እናትየው ወዲያው፣

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።

ስሟን ነገረቻቸው።

«የእገሌ ልጅ? አባቱስ?»

አያቷንም ነገረች። አሮጊቷ አንድ በአንድ መልሰው ደገሙት፤ ከዚያ፣ «እሰይ፣ ሰው ኖሮታል። አንቺ ልጅ፣ ልጄን አደራ» አሉ። «አደራዎን እቀበላለሁ እማማ» አለች። ያኔ እሷም በተራዋ «እርስዎስ እማማ? የማን ቤት ነው?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ ይሄ ታሪክ አይጻፍም ነበር። አልጠየቀችም። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰው ገብቶ ቀልቧን ወሰደው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሆስፒታል ተደወለላት። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው ወድቆ መምጣቱን፣ ሲደርስ ልቡ ቆሞ እንደነበረ፣ በኪሱ ውስጥ የእሷ ፎቶ ቤት ካርድ መገኘቱን ጸሐፊው ነገራት። መቁረጫው ላይ ያሰለፈችውን ፎቶ እንዳለ ትታ ሄደች።

እሱ ነው። በግራ ቅንድቡ ላይ የነጭ ቀለም ጠብታ ነበረች። ያንን ነጭ ታውቀዋለች፤ ቢጫ አለበት።

ጸሐፊው ቅጽ አወጣ። «ሙሉ ስም?»

«ቀለሜ።»

«የአባት ስም?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ባንኮኒዋ ላይ ክርኑን ያሳረፈ ሰው። ሲስቅ የትኛው ጥርሱ እንደሚታይ ታውቃለች። ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጣ፣ ግራ ትከሻው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ እንደሚል፣ ለፎቶ ሲቀመጥ ያንን ማቃናት እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቃት። ከዚያ በስሙ ቦታ ላይ ሰረዝ አሰመረና ቁጥር ጻፈ።

ጸሐፊው ሕጉን በቀስታ አስረዳት። አስከሬኑ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ከቆንስላው «ዜጋችን ነው፤ ስሙ ይህ ነው» የሚል ደብዳቤ ከመጣ ለወገኖቹ ይሰጣል፤ ወደ አገሩም ሊላክ ይችላል። ካልመጣ ከተማው ራሱ በቁጥር ይቀብረዋል። ስልኩና ቁልፉ በታሸገ ከረጢት ተቀምጧል፤ የሚሰጠው ለዘመድ ብቻ ነው፤ ዘመድነቱም የሚረጋገጠው በዚያው ደብዳቤ ነው።

«ስሙ ያለው ስልኩ ውስጥ እኮ ነው» አለች።

«ስልኩን ለመስጠት ደብዳቤው ያስፈልገኛል» አላት።

«ደብዳቤውን ለማምጣት ደግሞ ስሙ።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ትከሻውን ዝቅ አድርጎ «ይገባኛል» አለ።

የቀለሜ ክፍል ውስጥ አራት አልጋ አለ። የዳቦ ጋጋሪው፣ የሾፌሩ፣ የአንድ የማይገኝ ሰው፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የእሱ። ጋጋሪው፣ ሾፌሩና እትዬ ጉርድ ተሰብስበው ፍራሹን አነሱ፤ ቦርሳውን ፈቱ። ጋጋሪው ከሥራ እንደመጣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ነበረበት።

«ስድስት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ» አለ ጋጋሪው። «ሲያንኮራፋ በእግሬ እቀሰቅሰዋለሁ። ስሙን ግን... እንጃ። አንድ ቀን ጠይቄው ‹ቀለሜ አይበቃህም?› አለኝ። በቃኝ።»

«እኔንስ ማን ብለህ ታውቀኛለህ?» አለው ሾፌሩ።

ጋጋሪው አየው። «ሾፌሩ።»

«እሰይ። ነገ እኔ ብወድቅ ደግሞ አንተ ሆስፒታል ሄደህ ‹ሾፌሩ› ትላለህ።»

«አንተስ እኔን?»

እትዬ ጉርድ ሁለቱንም ዝም አሰኘቻቸው፤ ፍራሹ ሥር ሰማያዊውን ደብተር አግኝታ ነበር።

ተቀምጣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው። መቶ አሥራ ሁለት ሰው። የያንዳንዱ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታ፣ የእናት ስም፣ የራሱና የአገር ቤት ስልክ፤ ሁሉም በዚያ በጠራ ፊደል። ዳር ዳር ላይ ማስታወሻ አለ፦ «እናቷ ታመዋል፤ ውክልናው ይፍጠን»፣ «ይህ ሰው መስኮት ላይ ሲጠየቅ ይደነግጣል፤ አብሮት ሰው ይግባ»። የራሱን ስም ለመፈለግ ሁለተኛ ጊዜ ገለጠችው። የለም። ለነገሩ የራሱን ስም በራሱ ደብተር ላይ የሚጽፍ ማን አለ?

በማግሥቱ ጠዋት ቆንስላው ሲከፈት ደጃፉ ላይ ነበረች። መስኮት ሁለት ላይ የምትሠራው ልጅ ዘጠኝ ዓመት የምታውቃት ናት፤ ስትቀጠር ለመታወቂያዋ ያነሳቻትም እሷ ነች። ሦስቱን ፎቶዎች በመስታወቱ ሥር አሳለፈችላት።

ልጅቷ ከልቧ አዘነች። ሰውየውን በበሩ ላይ ሰው ሲያደርስ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። «እትዬ፣ እኔ ደብዳቤውን ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ይበቃኛል። ግን ለማን ብዬ ልጻፈው? ‹ቀለሜ ዜጋችን ነው› ብዬ ማኅተም ልምታበት?»

«ፎቶውን በመዝገባችሁ ላይ ፈልጉት።»

«መዝገቡ የሚፈለገው በስም ነው፤ በፊት አይፈለግም። ደግሞ እዚህ ገብቶ የተመዘገበ አይመስለኝም። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታ፣ የዘመድ ስልክ። ከሦስቱ ሁለቱን አምጪልኝ፤ ቆሜ እጽፋለሁ።»

በደብተሩ ላይ ላሉት ሁሉ መደወል ጀመረች። ብዙዎቹ ቀለሜ የሞላላቸውን ቅጽ፣ የነገራቸውን ቀልድ ያስታውሳሉ። ሴቶቹ ስልኩ ላይ አለቀሱ። ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም። የቀን ሥራ የሰጡትም «ቀቢው» ነበር የሚሉት። በአሥራ አንደኛው ቀን አርባ ሰው «እናውቀዋለን፤ ወገናችን ነው» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ይዛ ወደ መስኮት ሁለት ተመለሰች። ራሷም ከስሟ ይልቅ የፎቶ ቤቱን ማኅተም ነበር የመታችበት፤ እሱ ይበልጥ ይታመናል ብላ። ልጅቷ አንብባ በሐዘን አጠፈችው።

«አርባ ሰው ፈርሟል፤ ከአርባው ግን ስሙን የጻፈልኝ የለም።»

አሥራ ስድስተኛው ቀን ላይ ሾፌሩ ወደ ፎቶ ቤቱ ገባና በሩን ከኋላው ገፋ አደረገው።

«እትዬ፣ እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። አትቆጪ። ስም እንስጠው። የሆነ ስም። የትውልድ ቦታም እንጨምርለት። ሦስት ምስክር አለን፤ እኔ፣ ጋጋሪው፣ አንቺ። ደብዳቤው ይወጣል፤ እኛም ወግ ባለው አቀባበር እንሸኘዋለን። ማን ይጎዳል?»

እውነት ለመናገር ሐሳቡ ለእሷም ከመጣ ሦስት ቀን ሆኖታል። ቅጹን እንዴት እንደሚሞሉት፣ የትኛው ፎቶ እንደሚሻል እንኳ አስባ ነበር። ከዚያ እኚያ ጆሯቸው የደከመ እናት ናቸው ያስቆሟት። በሌላ ሰው ስም የተቀበረን ልጅ እናት ፈልጋ አታገኘውም።

«አይሆንም» አለች። «ቁጥሩ ቢያንስ አይዋሽም። አንድ ቀን የሚፈልገው ከመጣ ‹ይሄ ማን እንደሆነ አይታወቅም› የሚለው ላይ ይደርሳል። የውሸት ስም ከሰጠነው ግን ተገኝቷል ተብሎ ይዘጋል።»

«እንግዲህ ካልሽ» አለ ሾፌሩ፤ በሩን ከፍቶ ወጣ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ከተማው ቀበረው። ሦስት ሰው እንዲገኝ ተፈቀደ። ጋጋሪው ጸሎት ጀመረና ስም የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ፤ እትዬ ጉርድ በመሐረቧ አፏን ሸፈነች፤ ሾፌሩ «ወንድማችንን» አለ፤ በዚያው አለፉት። የመቃብሩ ሠራተኛ ቁጥር የተጻፈበትን ቆርቆሮ በእንጨት ላይ መታና ሄደ። አራት አኃዝ ነበር። ጋጋሪው ስልኩ ላይ መዘገበው።

ከቀብሩ ስድስት ቀን በኋላ የራሷ ፓስፖርት ጊዜው ሊያልፍ ስለነበር ተራ ይዛ ቆንስላው ኮሪደር ውስጥ ተቀመጠች። በዚያ ወር አምስት ጊዜ ገብታ ወጥታበታለች፤ ያኔ ግን ዓይኗ ከመስኮት ሁለት በቀር ሌላ አያይም ነበር። አሁን የምትቸኩልለት ነገር አልነበረም። ግድግዳ ላይ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ጀመረች። የበዓል ቀን መዘጊያ፣ የአገልግሎት ለውጥ፣ ቀጥሎ፦ «የሚከተሉትን ግለሰቦች ከአገር ቤት ቤተሰብ ስለሚፈልጓቸው በተጻፈው ስልክ እንዲደውሉ።» ሰባት ስም ተደርድሯል። አራተኛው ላይ ዓይኗ ቆመ። መጀመሪያ የሌላ ሰው ስም መሰላት፤ ሰው በዚያ ስም ከጠራት ቆይቷል። ከዚያ የአባቷን ስም አየች። ከዚያ የአያቷን።

ከሥሩ ቀኑ ተጽፏል። ቀለሜ ከሞተ በዘጠነኛው ቀን የተለጠፈ ነው።

ተነሥታ ወደ መስኮት ሁለት ሄደች። «ይሄ አራተኛው ስም... እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ሰሌዳውን አየች፤ እሷን አየች። «አንቺ?» አለች። «እኔ ነኝ እኮ የለጠፍኩት። በስልክ ነው የመጣው፤ አንዲት ሴት ናት፤ ‹ይህችን ሰው አገናኙኝ› አለች እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እትዬ... አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ?»

በምንም ልታውቅ አትችልም። እትዬ ጉርድም ይህንን ነው የነገረቻት።

ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና ደወለች። የወጣት ሴት ድምፅ አነሳ። ስሟን ነገረቻት።

«አገኘንሽ በይኛ። የወንድሜ ጓደኛ ነሽ አይደል? እማ ናት ስምሽን የሰጠችኝ፤ እስከ አያትሽ ይዛዋለች። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውል ነበር፤ ይኸው አራት ቅዳሜ ሆነው። የሱን ስም ለመንግሥት ቢሮ መስጠት ፈራሁ። ወረቀት የለውም ብዬ። በኔ ምክንያት እንዳይይዙት ብዬ ያንቺን ብቻ ሰጠሁ። አሞታል እንዴ?»

«እኅቴ» አለች እትዬ ጉርድ፤ «ተቀምጠሻል?»

ከዚያ በኋላ የተባለው የሁለቱ ነው። መጨረሻ ላይ እትዬ ጉርድ ቦርሳዋ ውስጥ ስትዳብስ ያገኘችው ባዶ የፎቶ ፖስታ ላይ የወንድምየውን ሙሉ ስም እስከ አያት ጻፈች፤ ልጅቷ ስትነግራት ደግማ ደጋግማ አስባለቻት፤ አንድም ፊደል እንዳይሳሳት። እዚህ ላይ ያልሰፈረው ቤተሰቡ ስለለመነ ነው።

ደብዳቤው በእርግጥም አሥር ደቂቃ ነበር የፈጀው። እኅትየው የልደትና የቤተሰብ ማስረጃ በላከች ማግሥት መስኮት ሁለት ላይ ያለችው ልጅ ቆማ ጻፈችው፤ ማኅተሙንም መታችበት። አሁን ግን የተቀበረ ሰው እስከ አምስት ዓመት ከቦታው አይነሣም ይላል የከተማው ሕግ። ደብዳቤው ያስገኘው ሁለት ነገር ነው፦ የታሸገውን ከረጢት፣ እና ከአራቱ አኃዝ በላይ ስም የመጻፍ ፈቃድ። ስሙን ጋጋሪውና ሾፌሩ ናቸው ያስጻፉት። ነጩን ቀለም የመረጠችው እትዬ ጉርድ ናት።

እናትየው ከተነገራቸው ሁለት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ደወሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሱ በሚደውልበት ሰዓት። እትዬ ጉርድ ወቀሳ ጠብቃ ነበር። «አደራዬን በላሽ» ቢሏት አንገቷን ደፍታ ልትቀበል ተዘጋጅታለች። አሮጊቷ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቋት።

«ስትቀብሩት ስሙን ጠርታችኋል?»

መዋሸት ትችል ነበር። ለአንዲት አሮጊት እናት፣ በሩቅ አገር ሆና፣ ማንም የማያጋልጣትን ቃል።

«አልጠራንም እማማ። አላወቅነውም።»

አሮጊቷ፣ «እንግዲያው ሄደሽ ጥሪልኝ። እኔ ጉልበቴ አያደርሰኝም» አሉ።

በዚያው ቀን ሄደች። ፎቶ ቤቱን ቆለፈች፤ ሁለት አውቶቡስ ቀየረች። መቃብሩ ላይ ቆማ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ጠራችው። አንድ ጊዜ ብትጠራው ድምፅዋ ዝግ ያለ መሰላት፤ ደገመችው። በአጠገቧ አበባ የሚያጠጣ አንድ ሽማግሌ ቀና ብሎ አያት። የማይገባው ቋንቋ ቢሆንም ሰው እየተጠራ መሆኑ ገብቶታል፤ ውኃውን አቁሞ እስክትጨርስ ጠበቃት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ከቀድሞው ዘገየ። አገጭ ታቃናለች፤ ፀጉር ከጆሮ ላይ ትመልሳለች፤ ከመቁረጧ በፊት ግን ሙሉ ስም እስከ አያት ትጠይቃለች። አንዳንዱ ይቆጣል፤ «ፎቶ አንሺ ነሽ ወይስ ፖሊስ?» ይላታል። አንዱ ብድግ ብሎ ወጥቶባታል። አትጨቃጨቅም። የብስኩት ቆርቆሮውን ገልብጣ ከድሮዎቹ ፖስታዎች የባለቤታቸው አድራሻ የሚገኘውን እየደወለች ታስሞላለች፤ የማይገኙት ስድሳ ሦስት ናቸው። ሾፌሩና ጋጋሪው አሁን ስም ለስም ይተዋወቃሉ፤ ሲጠራሩ ግን አሁንም «ሾፌሩ»፣ «ጋጋሪው» ነው፤ ልማድ ነው።

ይህ ታሪኳ እንዲጻፍ ስትፈቅድ ያቀረበችው ጥያቄ ቢኖር ቃሏ እንዳለ እንዲቀመጥ ብቻ ነው፤ ይኸው፦

«ይህን የምታነቡ፣ በሰው አገር ያላችሁ፣ ከጎናችሁ ያለው አልጋ ላይ ማን ነው የሚተኛው? ቅጽል ስሙን አይደለም የምላችሁ። ስሙን እስከ አያቱ፣ የተወለደበትን ቦታ፣ የእናቱን ስልክ። ካላወቃችሁ ዛሬ ጠይቁት። ይቆጣ፤ ነገ ይበርድለታል። ‹ምን አገባህ› ቢላችሁ የራሳችሁን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ቀላል ይሆንለታል። ጻፉትና አስቀምጡት። ይህን አድርጉልኝ፤ ሌላ ከናንተ የምፈልገው የለም።»